ግማሽ ላይ የቀረው ባንዲራ

የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ባረፉ ማግስት ጠዋት ባንዲራው ግማሽ ላይ ቀረ። ማንም አላዘዘም። ገመዱ ነው የተያዘው።

ትምህርት ቤታችን ቀራንዮ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። እኔ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ፤ የጠዋቱ ሰልፍም ኃላፊ ነኝ። ሟቹን ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ዘንጉ አናት ላይ ያለችውን መዘውር አመል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ገመዱን ሳብ፣ ላላ፣ ወደ ግራ ነቅነቅ ሲያደርጉት ባንዲራው ሽቅብ ይወጣል። እሳቸው እያሉ ምን ቸገረኝ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልተማርኩም። የዚያን ዕለት መዝሙሩ አለቀና ገመድ እንደያዝኩ ቀረሁ። ወደ ላይ ብል እምቢ፣ ወደ ታች ብል እምቢ።

የአባባ ቤት ከአጥራችን ማዶ ስለሆነ ድንኳኑ የተተከለው ከበራችን ፊት ለፊት ነበር። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ባንዲራውን ቀና ብለው አይተው ምርር ብለው አለቀሱ። ለቀስተኞቹም አብረው አለቀሱ። ትንሽ ቆይታ አንዲት ጎረቤት መጥታ ትምህርት ቤቱ አባባን ስላከበራቸው እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ያኔውኑ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምስጋናውን ተቀብዬ ሸኘኋት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ፌርማታው ላይ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሞቷል የሚል ወሬ ተነሣ፤ ከወረዳም ማን ሞቶ ነው ብለው ደወሉ። ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝ።

"ባንዲራ ዝቅ የሚለው ከላይ ሐዘን ሲታወጅ ብቻ ነው ብለሽ የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም?"

እኔ ነኝ። የአገር መሪ ሲሞት፣ ወይም ብዙ ሕዝብ ያለቀበት አደጋ ሲደርስ ይታወጃል። ባንዲራው መጀመሪያ አናት ድረስ ይወጣል፤ ከዚያ ነው ወደ ግማሽ የሚወርደው። በየዓመቱ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ። ለዘበኛ የሚታወጅ ሐዘን ግን የለም። ገመዱ ተይዞ ነው አልኩት። እንግዲያው ቀብሩ ሳይወጣ ሰው አምጥተሽ አስፈቺና ከፍ አድርጊው፣ አለዚያ በጽሑፍ ትጠየቂበታለሽ አለኝ።

ወጥቼ ዘንጉ ሥር ቆምኩ። ባንዲራውን ከፍ ባደርግ የሬሳ ሳጥኑ ሊወጣ ሲል በባለቤታቸው ዓይን ፊት ክብሩን መንጠቄ ነው። ብተወው እንጀራዬ ነው። ድንኳን ገብቶ ለሐዘንተኛ ገመድ ተይዞ ነው ማለት ደግሞ በምን አፍ? በገዛ ግቢዬ መግቢያ መውጫ ጠፋኝ። አባባንም ረገምኳቸው፤ የሚሞቱ ከሆነ ለምን አላስተማሩኝም ብዬ።

ከአየር ጤና አንድ በያጅ መሰላል ይዞ መጣ፤ መዘውሯን ዘይት ቀባና ፈታት። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር። ርእሰ መምህሩ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ገመዱን ሳብኩ፤ ባንዲራው እንደ ሌላው ቀን አናት ላይ ወጣ። በዚያው ቅጽበት ከድንኳኑ ለቅሶው ፈነዳ፤ ሳጥኑ ብቅ አለ። ይኼን ሁሉ ዓመት ዝናብ እየመታቸው ሲጠብቁን የኖሩ ሰው ናቸው። ገመዱን ለቀቅ ለቀቅ አደረግሁና ግማሽ ላይ ሲደርስ አሰርኩት። ርእሰ መምህሩ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሳጥኑ አስፋልቱን ተሻግሮ ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከዚያ መልሼ ከፍ አደረግሁት።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰኝ። እሱስ ግድ አልሰጠኝም። እንቅልፍ የነሳኝ የጠዋቱ ምስጋና ነበር። የአባባ አርባ ዕለት እዝን ይዤ ሄድኩና ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ የጠዋቱ እኮ ገመዱ ተይዞብኝ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ያን ገመድ ማታ ማታ ሲያማርሩት አይደል የኖሩት? እኔም ያለቀስኩት እንግዲህ ማን ሊፈታው ነው ብዬ ነው።" እጄን ያዝ አደረጉኝ። "የከሰዓቱን ግን አይቻለሁ። አናት ደርሶ ነው የተመለሰው።"