በጠዋት የታየ ቤት

የእህቴ ባል በቅርቡ ከደጋ ወደ ቆቦ የተዛወረ መምህር ነው። የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝና በመጋቢት ለእረፍት ልጠይቃቸው ስሄድ፣ የሚከራዩት ቤት ሲፈልጉ ደረስኩ። እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የምትወልደው በግንቦት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ወር ነው።

«ተማሪዋ፣ አንቺ እየጻፍሽ ተከተይን» አለኝ ባሏ። ደስ ብሎኝ ደብተሬን ያዝኩ።

መጀመሪያ ያየነው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ሰፊ የብሎኬት ክፍል ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ስለነበር ቀዝቀዝ ይላል። ባሏ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ «እናቴ አራስ ልትጠይቅ ስትመጣ እዚህ ባስገባት አላፍርም» አላት።

ሁለተኛው ጠባብ የጭቃ ቤት ነው፤ ኪራዩ ያው ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር የጠፍር አልጋ ቆሟል። ገረመኝና የቤቱን ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ እናት ናቸው፣ አልጋው ለምን ውጭ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«በሙቀት ጊዜ የሚተኛው እዚህ ነዋ ልጄ። ያንን የሚከራየውን የብሎኬት ቤት አይታችሁታል?»

«አዎ፣ ጠዋት።»

«ወላሂ፣ ደገኛ ሁሉ ቤት የሚያየው በጠዋት ነው» ብለው ሳቁ። «ስምንት ሰዓት ላይ ሂዱና ቁጭ በሉበት። አልጋ የምታወጡበት ደጅ እንዳለውም እዩ።»

በስምንት ሰዓት ወደ ብሎኬቱ ቤት ተመለስን። ጣሪያው ኮርኒስ የለውም፤ የቆርቆሮው ግለት አናታችን ላይ ይወርዳል። እህቴ ጥቂት ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብ ጀመር። ባሏ መስኮቱን ከፈተ፤ ለውጥ የለም። እኔ ወጥቼ ከበሩ እስከ አጥሩ ለካሁ፤ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው።

«ኮርኒስ ብናሠራለትስ?» አለ ባሏ።

«በሰው ቤት? እናትህ ለሳምንት ነው የሚመጡት። እኔ ግን ከነልጄ እዚሁ ነኝ።»

ባሏ ላቡን ጠርጎ ቀድሞን ወጣ፤ ወደ ጭቃው ቤትም ይዞን ተመለሰ።

«እማማ፣ እንከራየዋለን» አላቸው። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን እናቴ ደጅ ተኝታ አታውቅም» አለ።

«ግድ የለም፣ እናትህ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይሞክሩት» አሉት። «በማግስቱ አልጋቸውን ራሳቸው ያወጡታል።»

እህቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ባሏ ዛፉን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ሥሩ ሦስት አልጋ ይይዛል?» ብሎ ጠየቃቸው።