ቅቤ የነካው ምሰሶ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ልጠይቅ ወደ ተበላ ከተማ ስሄድ ሚኒባሱ ወንዙ ጋ ቆመ። የእግረኛውን የብረት ድልድይ ሊቀቡ ኖሮ መንገዱ በዕቃ ተይዟል። የአንቲረስቱ፣ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሃምሳ ዓመቴን ጥዬ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሶዶ ውስጥ የብረት ሥራ ቤት የነበረው አባቴ ይህንኑ ድልድይ ከዝገት የማዳን ሥራ ያዘ። ሠራተኛው ታንጋ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ በቤንዚን ጠርጎ፣ ብረቱ ሲያበራ ነው ቀለም የሚያነሳው። አባቴም ቅባት የነካው ብረት ቀለም አይይዝም፤ የተጠረገ ብረት በባዶ እጁ የነካ ከእኔ ጋር አይሠራም ይል ነበር።

ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ሰሞኑ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ስለሆነ እናቴ ራሴን በለጋ ቅቤ አርሳዋለች። ታንጋ የተቀቀለውን የቦዬ ሥር በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ድልህ፣ እያጠቀሰ ሲበላ፣ የተጠረገው ምሰሶ ላይ ተደግፌ አወራሁት። ፀሐዩ ቅቤውን አንገቴ ላይ ያወርደዋል። ስለ ምን እንዳወራን አላስታውስም። ዳጣው አቃጥሎት እንባው ሲወርድ ሳቅኩበት።

«የዳጣው አይደለም፣ የአንቺ ናፍቆት ነው» አለኝ።

በበልጉ ዝናብ ቀለሙ ተላጠ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የተላጠው በእኔ ቁመት ልክ፣ ራስና ትከሻ የሚያህል ቦታ ብቻ። አባቴ ሊያይ ሲሄድ ተከተልኩት።

«ሳትጠርግ ነው የቀባኸው?» አለው።

ታንጋ የተላጠውን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ። ገባው።

«ቸኩዬ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አትምጣ።»

እውነቱን ብናገር አባቴ «እዚያ ምን ስታደርጊ ነበር?» ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ። ታንጋ በሳምንቱ ወደ አዋሽ ሸንኮራ እርሻ ወረደ። ዳግም አላየሁትም። ለአባቴም እስኪሞት አልነገርኩትም።

ከሚኒባሱ ወርጄ ምሰሶዋን ፈለግኳት። ወጣቱ ቀቢ ብሩሹን ሲያነሳ፣ ያቺን በቤንዚን ድገማት አልኩት።

«ጠርጌያታለሁ ማዘር። ሙያውን ደግሞ ከየት አመጡት?»

«ከማበላሸት» አልኩት።

ስቆ ደገማት። ብረት ደጉ፣ ተፍቆ እንደገና ይጀመራል። እኔ ግን ለታንጋ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የምልበት ቀን አምልጦኛል። ምሰሶዋ ስታበራ እጄ ሊዳስሳት ሄደ፤ ያዝኩት። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ሁለቱንም እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ፣ ወጣቱ ቀለሙን እስኪያለብሳት ድረስ ቆሜ አየሁ።