የቲማቲሙ ዘበኞች

ትናንት አዳማ ገበያ፣ ከመቂ ከመጣ የቲማቲም ሣጥን ውስጥ አንዲት ሸረሪት ዘላ እጄ ላይ ብታርፍ ሻጯ ጮኸች፤ እኔ ግን በደስታ ሳቅሁ! በአንድ አፍታ መቂ፣ በአባቴ ማሳ ውስጥ፣ ትንሽ ልጅ ሆንኩ።

ጠዋት ነው። ጤዛው ቀሚሴን አርሶታል፤ የቲማቲም ቅጠል ሽታ እጄ ላይ ተጣብቋል። በየተክሉ ሥር ሸረሪት ፍለጋ እየተንበረከክሁ፣ "አባዬ፣ ይቺ ቢጫ ናት! ይቺ ደግሞ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ትሄዳለች! ውይ፣ ይቺኛዋ ልጆቿን አዝላለች!" እያልኩ እጮሃለሁ። አባቴ የተባይ መድኃኒቱን በጥብጦ፣ መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ ቆሟል።

አሮጊቷ ጎረቤታችን አዴ በዳቱ ከቦዩ ማዶ አባቴን ተጣሩት። "አንተ ልጅ! ትል የሚበሉልህን ዘበኞች ልትፈጃቸው ነው?"

"አዴ፣ ትሉ ቲማቲሜን ቢጨርሰው ለደላላው ሸረሪት ልጫንለት?"

"እነሱ ካለቁ ትሉን ማን ይበላልሃል? አንተ?"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን አባቴን ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ ይኸው አሁን ሳወራው እንኳ ልቤ ይዘላል። አባቴ ትሉ የበሳውን ፍሬ አየ፤ እኔን አየ። መርጫውን ከጀርባው ሳያወርድ ጎንበስ አለና፣ "እስቲ፣ ያቺ ልጆቿን ያዘለችው የታለች?" አለኝ።