በሠርጌ ዕለት የተኮሰችው መኪና

ትናንት እንጅባራ፣ ጎረቤቴ መምህሩ አሮጌ ቮልሱን ግቢው ውስጥ ሲያስነሳ «ጧ!» ብትል ከወንበሬ ዘለልኩ። «ይቅርታ አባባ፣ ታይሚንጉን፣ እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ፣ እያስተካከልኩ ነው» አለኝ። የዚህን ነገር ጣጣስ እኔን ነበር መጠየቅ!

ያገባሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ወሩ ጥር ነበር። ጓደኞቼ ሁሉ በፈረስ ሲያገቡ እኔ ጉረኛው «በመኪና ካልሆነ» አልኩ። አጎቴ ሙሉነህ ዳንግላ ውስጥ መካኒክ ነበርና አሮጌ መኪናውን በአበባ አስጊጦ ይዞን ወጣ። መንገዱ አቧራ በአቧራ ነው። ሚዜዎቼ ትኩስ ዳቦ እየቆረሱ ይዘፍናሉ፤ የእኔ ልብ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ የሙሽራዋ ቤት ከኮረብታው ማዶ ሲቀረን፣ መኪናዋ «ጧ! ጧ!» ብላ ቀጥ አለች።

በእኛ አገር ሙሽራ ደጅ ሲደርስ ሚዜዎቹ ይተኩሳሉ፤ የሴቷ ወገን በተኩስ ይመልሳል። ይኸው ከማዶ መለሱልን! እልልታው ሳይቀር ተሰማ።

«አጎቴ፣ ደርሰዋል ብለው እኮ ነው!»

«እሳቱ ያለ ጊዜው እየተነሳ ነው። አውራ ጣትህን አምጣ።»

ካንዴላውን ከሞተሩ ላይ ፈትቶ ቀዳዳውን በጣቴ አስደፈነኝ። ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ንፋሱ ጣቴን ሲገፋኝ «ገፋኝ!» እላለሁ። ከዚያ እሳቱን በሚያስነሱት ሁለት ትንንሽ ብረቶች መሃል የሲጋራ ወረቀት አስገባና ይጎትት ጀመር። ወረቀቱ ለቀቅ የሚልበት ቦታ ነው እሳቱ የሚነሳው። ነጭ ልብሴ ዘይት ጠጣ። አንዴ ሞተሩን፣ አንዴ ኮረብታውን አያለሁ።

«በእግራችን እንሂድ!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ወዲያው የሙሽራዋ ወንድም በፈረስ ሲጋልብ ደረሰ። «ተኩሳችሁ የት ገባችሁ? አባቴ ‹ደጄ ደርሶ ተመለሰ፣ ናቀኝ› ብሎ ድግሱን ሊበትን ነው!»

ሌላ ቃል ሳልናገር ከኋላው ፈናጠጥኩ። አጎቴ «አሁን ትነሳ የለም እንዴ!» እያለ ጮኸ፤ ማን ይሰማዋል። ስንደርስ አማቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ «ይሄ ሙሽራ ነው መካኒክ?» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ነፍሴ ተመለሰች።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ድንች ስትልጥ ይህን አነሳሁና፣ እስከዛሬ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። «ያን ጊዜ አንቺ ምን ሆንሽ?»

«አባቴ የሙሽራ ልብስሽን አውልቂ አለኝ። እኔ ጫማዬን አጥብቄ አሰርኩ።»

«ለምን?»

«መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኖ ይሆናል ብዬ ልፈልግህ ነዋ! ወንድሜ ባይቀድመኝ ወጥቼ ነበር።»

ይህን ሁሉ ዘመን፣ ያን ቀን የተንቆራጠጥኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።