የካርድ ክፍሏ ሸምሲያ

ሸምሲያን ያወቅኋት በመስኮት ነው። እኔ ሐረር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ፋርማሲ መድኃኒት አድል ነበር፤ እሷ ደግሞ በ1975 ዓ.ም. መስከረም ላይ ፊት ለፊታችን ባለው ካርድ ክፍል ተመደበች። በእኔ መስኮትና በእሷ መስኮት መካከል በሽተኞች ተራ የሚጠብቁበት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። ስምንት ዓመት ያህል እንዲያ ተያየን።

በግንብ የተከበበው የድሮው ከተማ፣ የጀጎል፣ ልጅ ናት። አባቷ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ይሰፉ ነበር፤ አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. በድንገት ታመው ሞቱ። እናቷ ወይዘሮ አይሻ ሙዳይና ሰፌድ እየሰፉ፣ ጎረቤቱም እየደገፋቸው፣ ብቸኛ ልጃቸውን አስተማሩ። ሸምሲያ ዘመቻ ሄዳ ተመለሰች፤ አሥራ ሁለተኛን ጥሩ ውጤት አምጥታ አለፈች፤ አዲስ አበባ ገብታ በስታትስቲክስ ተመረቀች። ምደባው ሲመጣ ሐረር ሆነ፤ ደስ አላት። ክፍሉ ሲነገራት ግን ደስታዋ ጠፋ።

«አንድ ዓመት ሙሉ አኩርፌ ነው የሠራሁት፣ ጋሽ ዘውዴ» አለችኝ ኋላ። «አራት ዓመት የተማርኩት ወረቀት ላመላልስ ነው? እል ነበር።»

ኩርፊያዋን ያስጣላት አሕመድ ዩሱፍ የሚባል ገበሬ ነው። በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ደረቱን እያመመው መጣ። ካርዱ ወጣለት፤ ሐኪሙ ካርዱን አይቶ ፔኒሲሊን አዘዘለት፤ እኔም ብልቃጡን ሰጠሁት። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ስትቀርብ ሰውየው ክንዱን ሰበሰበና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። እሷ ቋንቋውን ስለማትሰማ ሸምሲያን ጠራቻት።

«ባለፈው ዓመት እዚሁ የተወጋሁት መርፌ ነፍሴን ሊያወጣው ነበር፤ ይሄ ያው ከሆነ አልፈልግም ነው የሚለው» አለች ሸምሲያ።

ካርዱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም። መርፌው ቆመ። ሸምሲያ ወደ ክፍሏ ተመልሳ መደርደሪያውን ስትበረብር ከሰዓት በኋላውን ፈጀች። ሆስፒታሉ ውስጥ ሰባት አሕመድ ዩሱፍ ነበሩ። ያወጣችለት የሌላውን ካርድ ነው። በእሱ በራሱ ካርድ ላይ «ፔኒሲሊን አይወጋ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

በሽተኛው ከሄደ በኋላ አግዳሚው ላይ መጥታ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ባይናገር ኖሮ ዛሬ ገድለነው ነበር» አለች። «እኔ ደግሞ ሥራው ያንሰኛል እያልኩ ነበር።»

ከማግስቱ ጀምሮ ለመጣ ሰው ሁሉ ሁለት አዲስ ጥያቄ ትጠይቅ ጀመር። አንደኛው የእናት ስም ነው። ሁለተኛው፣ «ለገበያ ስትመጡ ጀጎል የምትገቡት በየትኛው በር ነው?» የሚል ነው። አገሬው የቀበሌውን ቁጥር ላያውቅ ይችላል፤ ዕድሜውንም በግምት ነው የሚናገረው። በየትኛው በር እንደሚገባ ግን የማያውቅ የለም። ኤረር በር፣ ፈላና በር፣ ቡዳ በር፣ ሱቅጣጥ በር፣ ሸዋ በር፤ እየተናገሩ ያልፋሉ። ጥያቄው ያናደዳቸውም አልጠፉም። አንድ ሽማግሌ፣ «እናቴ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ስሟን ምን ታደርጊዋለሽ?» አሏት።

«ዱዓ አደርግላቸዋለሁ፤ እስቲ ይንገሩኝ» አለቻቸው። ሳቁና ነገሯት።

ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ መፈለጊያ ወረቀት አዘጋጀች፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ በር፣ የካርድ ቁጥር። መንግሥት ወረቀት ስላልሰጣት እኔ የመድኃኒት ካርቶን እየቆረጥኩ አቀብላት ነበር። የድሮዎቹን ካርዶች ሁሉ ለማዳረስ ሁለት ዓመት ፈጀባት። ሲያልቅ ግን ቁጥሩ የጠፋበትም፣ ስሙ ከሰው የተመሳሰለበትም ሰው ካርዱ ወዲያው ይገኝለት ጀመር። ወንበሩ ላይ ግማሽ ቀን መጠበቅ ቀረ።

በ1982 ዓ.ም. ጥር ላይ እንክብል ልጠቀልልበት አንድ ጋዜጣ ስዘረጋ ማስታወቂያ አየሁ። መረጃን ስለማደራጀትና በኮምፒዩተር ስለማስተዳደር በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ አዲስ ትምህርት አዲስ አበባ ሊከፈት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ የደገፈው፣ ፈተናውን ያለፈ ይገባል ይላል። ገጹን ሳልቀድ አጥፌ ወሰድኩላት። ቆማ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ መደርደሪያዎቿን ዞር ብላ አየቻቸው።

«ይሄ ነገር ስም አለው ማለት ነው» አለች። «ትምህርት መሆኑን አላውቅም ነበር።»

የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ጓድ ወልደሚካኤል ይባላሉ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረው የመጡ፣ ሥራ የሚወዱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ማመልከቻዋን አንብበው መለሱላት።

«አልጽፍም» አሏት። «ባለፈው ክረምት ወባ ይዞሽ ሦስት ቀን ስትቀሪ የሆነውን ታውቂያለሽ? ሰልፉ ግቢ በር ደርሶ ነበር። ሁሉም ነገር ያለው አንቺ ራስ ውስጥ ነው። አንቺን ሁለት ዓመት ከለቀቅሁ ያንን ክፍል መዝጋት አለብኝ።»

እኔ ስሰማ ተናደድኩ፤ ምቀኝነት ነው አልኩ። እሷ ግን ቤት ሄዳ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አይሻ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሟል፤ ነደባው ላይ፣ ማለትም በሐረሪ ቤት ውስጥ ባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት።

«ኽይር ነው፤ ለበጎ ነው» አለቻቸው ሸምሲያ። «ቢፈቅዱልኝስ እርስዎን ለማን ጥዬ እሄድ ነበር?»

«እኔ አፎቻ አለኝ» አሏት። አፎቻ በሰርግም በለቅሶም የሚረዳዱ የጎረቤት ሴቶች ማኅበር ነው። «ሃያ ሁለት ሴት በየተራ ገብታ ታየኛለች። ዓይኔ ቢደክም አፌ አልደከመም፤ እጣራለሁ። ያንቺ ካርዶች ግን አፎቻ አላቸው ወይ?»

በማግስቱ ጠዋት ወደ መስኮቴ መጣችና፣ «ጋሽ ዘውዴ፣ ጓድ ወልደሚካኤል እውነታቸውን ነው» አለችኝ። «ሁሉንም ሠርቼ ዋናውን ረስቻለሁ። ለሌላ ሰው አላስተማርኩም።»

ሰው አልነበረም። ያሉት እትዬ ለተማርያም ብቻ ናቸው። ክፍሉን ያጸዳሉ፤ ካርድ ወደ ሐኪሞቹ ያደርሳሉ። ባላቸው ወታደር ነበር፤ በ1970 በኦጋዴን ጦርነት ሞተ። ማንበብ የተማሩት ከዚያ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ሲጽፉ ፊደሉ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ትልልቅ ነው።

«እኔን? አንቺ ልጅ፣ ታመሻል እንዴ?» አሏት።

«ካርዱን የት እንደማስቀምጥ ከማንም በላይ ያዩት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። የቀረው ወረቀት ላይ ማስፈር ነው።»

ሸምሲያ ሥራውን በደብተር ጻፈችው። ካርድ እንዴት ይከፈታል፣ እንዴት ይፈለጋል፣ ሲመለስ የት ይገባል፣ ሁለት ሰው አንድ ስም ሲኖረው ምን ይጠየቃል። ከዚያ እትዬ ለተማርያም ጮክ ብለው ያነቡታል። የቆሙበት ቦታ ሁሉ ይሠረዛል፤ እንደገና ይጻፋል። ሴትዮዋ «ይቅርታ፣ አልገባኝም» ባሉ ቁጥር ሸምሲያ የምትመልሰው አንድ ነው፤ «ጥፋቱ የደብተሩ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም።» ደብተሩ አራት ጊዜ ተጻፈ። በአራተኛው እትዬ ለተማርያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆሙ አነበቡት፤ አንብበውም ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ሸምሲያ ተመልሳ ጓድ ወልደሚካኤል ዘንድ ገባች። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂ» አሏት። «አንድ ወር። በዚህ ግቢ እንዳላይሽ። ክፍሉ ያለ አንቺ ከሠራ እናወራለን።»

ያን ወር እቤቷ ቁጭ ብላ ለፈተናው ተዘጋጀች። ግርማ የሚባል የሂሳብ መምህር የረሳችውን ያስታውሳት ነበር፤ በነጻ። እኔ ካርድ ክፍሉን በመስኮቴ እከታተላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከባድ ነበሩ፤ እትዬ ለተማርያም ደብተሩን ባንድ እጃቸው፣ ካርዱን ባንድ እጃቸው ይዘው ሲሯሯጡ ላብ አጠመቃቸው። በሳምንቱ ደብተሩን ማየት ተዉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጓድ ወልደሚካኤል እንደ በሽተኛ ሰልፍ ገብተው መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«የኸዲጃ ዓብዱላሂን ካርድ እፈልጋለሁ» አሉ።

«የትኛዋን፣ ጓድ? ዘጠኝ አሉን» አሉ እትዬ ለተማርያም። «እናቷ ማን ትባላለች?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አውቀው ይምጡ። የማይታወቅ ሰው ካርድ አይወጣም።»

ጓድ ወልደሚካኤል ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየሁት። ሸምሲያ ስትመለስ ደብዳቤው ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። ከታይፑ በታች በእጃቸው አንድ መስመር ጨምረውበታል፦ «ሠራተኛዋን የምንለቃት የማታስፈልገን ስለሆነች ሳይሆን ሥራው ያለ እሷ እንዲሄድ አድርጋ ስላደራጀችው ነው።» ያንን መስመር ብዙ ጊዜ ስታነበው አይቻለሁ።

ፈተናውን አለፈች። በ1983 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ፣ እንደገና ተማሪ ሆነች። የአፎቻው ሴቶች ተራቸውን አወጡ፤ ወይዘሮ አይሻ አንድም ቀን ብቻቸውን አልዋሉም። ከአዲስ አበባ በምትጽፍልኝ ደብዳቤ እንደነገረችኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ኮምፒዩተሩን የሚሰበር መስሏት በአንድ ጣት ነበር የምትነካው። ከእሷ ጋር የሚማሩት ብዙዎቹ ከትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የመጡ ናቸው፤ ስለ ካርድ ክፍል ማውራት ታፍር ነበር። አንድ ቀን አስተማሪው፣ «ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎችን መዝገባችሁ እንዴት ይለያል?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ቁጥር እንሰጣቸዋለን አሉ። «ቁጥሩን ከጣሉትስ?» ሲል ሸምሲያ እጇን አወጣችና የእናት ስምና በር እንጠይቃለን አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። አስተማሪው ግን እንድትቀጥል ነገራት፤ እሷ ስታወራ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ሙሉ ሰዓቱ አለቀ።

«ከዚያ ወዲህ አላፈርኩም» ብላ ጻፈችልኝ። «ለእትዬ ለተማርያም ያንብቡላቸው።» አነበብኩላቸው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። ሐረርም ግራ ገባት። ጥቂት ቀናት ሆስፒታላችን ቁስለኛ ሞላው፤ ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ መንገደኛውም በጋሪና በቃሬዛ ይመጣል። ብዙዎቹ ስማቸውን መናገር አይችሉም። ከሠራተኛውም ግማሹ ቀርቷል፤ እትዬ ለተማርያም ግን አልቀሩም። ስሙ ያልታወቀ ሰው በመጣ ቁጥር ተሸካሚዎቹን ሳያስጠይቁ አያሳልፉም። «በየት በር አመጣችሁት? ምን ለብሶ ነበር? ማን አነሳው?» ይላሉ፤ በዚያ በትልልቅ ፊደላቸው ይጽፋሉ። ሲረጋጋ ዘመዶች ፍለጋ መጡ። በር እየጠቀሱ፣ ልብስ እየጠቀሱ፣ አንድ በአንድ ሰዎቻቸውን አገኙ። ለሠላሳ ስምንት ሰዎች ስም አልባ ካርድ ተከፍቶ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አንዱ ባለ ስም ሆኑ።

መንገዱ ሲከፈት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሸምሲያ ለመመረቂያ ጽሑፏ መረጃ ልትሰበስብ መጣች። እትዬ ለተማርያም እነዚያን ካርዶች አውጥተው እንደ ጥፋተኛ ፊቷ ቆሙ።

«ይሄ ደብተሩ ላይ የለም። ቸግሮኝ ከራሴ ጨመርኩት» አሏት።

ሸምሲያ ሠላሳ ስምንቱንም አነበበች። ተነሥታ የሴትዮዋን እጅ ሳመች።

«እትዬ፣ እኔ አዲስ አበባ ድረስ የሄድኩት ይሄን ለመማር ነው» አለቻቸው። «እርስዎ እዚሁ ሆነው ቀደሙኝ። ጽሑፌ የሚጻፈው በዚህ ላይ ነው።»

በዚያ ሳምንት ጁምዓ ቀን እኔንም እትዬ ለተማርያምንም እቤቷ ጠራችን። የአፎቻው ሴቶች ተሰብስበዋል። ከመካከላቸው አንዷ፣ «አይሻ፣ ለመሆኑ ልጅሽ ሁለተኛ ዲግሪ የምትማረው ምንድን ነው?» አለቻቸው።

ወይዘሮ አይሻ ፊታቸውን ልጃቸው ወደምትቀመጥበት አዞሩ።

«ሰው እንዳይጠፋ የሚያደርግ ትምህርት ነው» አሉ። «አልሃምዱሊላህ። ለአሠሪዋም፣ ለዚህችም ሴት፣ ለእናንተም አላህ ይስጥልኝ። እኔማ ምን አደረግሁ? ሂጂ ነው ያልኳት።»

ሴቶቹ ዱዓ አደረጉ። እትዬ ለተማርያም በክርስቲያን ልማዳቸው አሜን አሉ፤ እኔም አልኩ።

ሸምሲያ ጽሑፏን ጨርሳ ዲግሪዋን ይዛ ሐረር ተመለሰች። አዲስ አበባ የሚያስቀራት ሥራ አላጣችም፤ ግን እናቷ እዚህ ናቸው፤ ካርዶቹም እዚህ ናቸው። ካርድ ክፍሉን አልተረከበችም። እዚያ የነበሩት እትዬ ለተማርያም ኃላፊ ተብለው ተሹመው ነበርና፣ እሷ ከጎናቸው ለራሷ ሌላ ጠረጴዛ አስገባች።