ለመጋዝ የተላኩ ሽማግሌዎች

መጀመሪያ የሠራሁት መቋሚያ ቅዳሴ መሃል ተሰበረ። የተደገፉበት አዛውንት፣ በደብራችን ሁላችንም ጋሼ ብቻ የምንላቸው፣ ከፊታቸው የቆመውን ሰው ይዘው ወደቁ፤ እሱም ከፊቱ ያለውን ይዞ ወደቀ። ዲያቆኑ «ለጸሎት ተነሡ» ያለው በዚያችው ቅጽበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሳቅ ነውር ስለሆነ ሰዉ ነጠላውን አፉ ላይ ጠቅጥቆ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሼ ምንም አልሆኑም። ግቢው ላይ ነጠላቸውን እያራገፉ «ልጄ፣ ይሄ እንጨት ከምንድነው?» አሉኝ። ከዕቃ መጫኛ ፓሌት መሆኑን ተናገርኩ። «እንግዲያው ጭነቱ እኔ ነበርኩ» አሉ። ግቢ ውስጥ መሳቅ ነውር አይደለምና ሁሉም ሳቀ። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ ይቀድመኛል፤ ለሽማግሌዎቹ ሁሉ የማይሰበር መቋሚያ ሠርቼ እንደማመጣ በሕዝብ ፊት ማልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ስሜ ቀርቶ «ፓሌት» ተባልኩ። «ፓሌት፣ ደህና ነህ?» «ፓሌት፣ መቋሚያው ደረሰ?»

አውቶቡስ መንዳቱን በጡረታ ከተውኩ ወዲህ እዚህ በስደት አገራችን፣ ፖይንት ኩክ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ እንጨት እሠራለሁ። ያስተማረኝ ኢንተርኔት ነው። የመቋሚያ ችግሩ ዘንጉ ሳይሆን ራሱ ነው፤ ብብት ስር የምትገባዋን ጎባጣ በእጅ መጋዝ ስቆርጣት ወይ ትሰነጠቃለች ወይ ትንጋደዳለች። ለዚህ የሚሆነው ባንድሶው የሚሉት ማሽን ነው። ምላጩ፣ ጥርስ ያለው ቀጭን የብረት ቀበቶ፣ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት መዘውሮች ላይ ይሽከረከራል፤ አንተ እንጨቱን እንደፈለግክ እያጠማዘዝክ ትገፋለህ። ጣትህን አብረህ ካልገፋህ ማለቴ ነው።

ደህና የሚባለው አዲስ ባንድሶው ዋጋው ለጡረተኛ አይደለም። ርካሹን ሱቅ ሄጄ አየሁት፤ በጣቴ ስገፋው ይወዛወዛል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ደግሞ ከጎመን የወፈረ ነገር አያሳልፍም። ቪዲዮ ላይ አንዱ ፈረንጅ ዋናው ሞተሩ ነው ይላል፣ ሌላው መዘውሩ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ምላጩ ጥሩ ካልሆነ ሁሉም ከንቱ ነው ብሎ ሁለቱንም ይሰድባል። ብዙ ካየሁ በኋላ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አቅም ለሌለው ሰው ከአዲስ ቆርቆሮ አሮጌ ብረት ይሻላል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እኔስ ይዤህ የቆየሁት ለዚህ አይደል?» አለች።

አሮጌው ብረት ማሪቢርኖንግ የሚባል ሰፈር ተገኘ። ከባድ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ዋጋውም እኔ የምችለው። ማስታወቂያው ግን ወራት ቆይቷል። ይህን የመሰለ ዕቃ እስካሁን ለምን አልተሸጠም እያልኩ ስደውል ምክንያቱ ራሱ ስልኩን አነሳ። ሰውዬው ማን እንደሆንኩ፣ ምን ልሠራበት እንዳሰብኩ፣ ጋራዤ ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ጠየቀኝ። ገንዘቡን ይዤ ዛሬውኑ እመጣለሁ አልኩት። «ስለ ገንዘብ የጠየቀህ አለ?» ብሎ ዘጋብኝ። ደግሜ ስደውል አስብበታለሁ አለ። በንዴት ጦፍኩ። መጋዝ ነው የምገዛው ወይስ ልጅ በጉዲፈቻ ልወስድ ነው?

ለጋሼ ሳማርር ረጋ ብለው ሰሙኝ። «ጥፋቱ ያንተ ነው» አሉ። «ይሄ ሰው ሻጭ አይደለም፤ የልጅ አባት ነው። ለልጅ አባት ስልክ አይደወልም፣ ሽማግሌ ይላካል።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጋሼና ሌሎች ሁለት አዛውንቶች ሱፍ ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ነጠላ ደርበው፣ ከሚኖሩበት ፍሌሚንግተን ቤቴ ድረስ መጡ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየቻቸው። «እኔን ስታገባኝ አንድም ሽማግሌ አልላክህም» አለችኝ። የተጋባነው ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው፤ የሚላክ ሰውም፣ የሚላክበት ቤትም አልነበረም። እየቀለደች እንዳልሆነ ገባኝ። ልቤን ወጋኝ።

በወጉ ሙሽራው ስለማይሄድ እኔ ከሰውዬው ቤት አጠገብ ካለው የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ቀረሁ። ልጄ በአስተርጓሚነት ወሰደቻቸው። «ዳድ፣ ሲሪየስሊ?» ብላ ነበር፤ ጋሼ ግን መኪናዋ ውስጥ ገብተው ቀበቶ አስረዋል።

የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ነጭ የደረቡ ሽማግሌዎች ሲያይ ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለውት «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ብሎ ሊዘጋ ነበር። ስለ መጋዟ ነው ስትለው አስገባቸው። ተቀመጡ አለ። ጋሼ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እንደገና ተቀመጡ አለ፤ እንደገና አንቀመጥም አሉ። ግራ ገብቶት እሱም ቆመ፤ ሁሉም ሳሎን መሃል ተገትሮ ይተያያል። በመጨረሻ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው «መጋዝዎን ለልጃችን እንዲሰጡልን በእግዚአብሔር ስም ልንለምን መጥተናል» አሉ። ቀጥለውም እንደ ደንቡ ዘሯን ጠየቁ፤ የማን ናት?

«የሚስቴ» አለ ሰውዬው። «ስትሠራባት የኖረችው እሷ ናት። እኔ ነክቻት አላውቅም። ሚስቴ ሞታለች።»

ልጄ ይህን ስትተረጉም ሦስቱም ሽማግሌዎች ወዲያው ተቀመጡ። ለልመና የመጣ ሰው አይቀመጥም፤ ለቅሶ የደረሰ ግን ይቀመጣል። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉና መሬት መሬቱን እያዩ ዝም አሉ። ሰውዬውም አብሯቸው ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ ተነሳና ሻይ አፈላ።

ከሻዩ በኋላ የመጠየቁ ተራ የእሱ ሆነ። «ስንት ጣት አለው?»

«እስካሁን አሥሩም አሉ» አሉ ጋሼ።

«ሥራውስ እንዴት ነው?»

እዚህ ላይ ልጄን ላብ አጠመቃት። ሽማግሌ አይዋሽም። ጋሼ መቋሚያው እንዴት እንደተሰበረ፣ እሳቸው እንዴት እንደወደቁ፣ ማን ማን ላይ እንደወደቀ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ።

«ታዲያ ለምን ይለምኑለታል?»

«የወደቅኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ደህና መጋዝ ካላገኘ ሌላውንም ይጥላል።»

ሰውዬው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያም በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለ።

ይህን ስሰማ የመኪናውን መሪ በቡጢ መታሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ፊታቸው በርቷል። «በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ ምን ዓይነት አባት ነው?» አሉ ጋሼ። «ሰው ነው፤ ወግ ያውቃል።»

በሁለተኛው ጉዞ ሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ ናቸውና «አንተ» ማለቱ ቀርቷል። ዋጋው ማስታወቂያው ላይ ያለው ነበር፤ ልወስዳት ሄጄ ትንሽ ላስቀንስ አፌን ስከፍት ጋሼ በዓይናቸው ዘጉት። መጋዟን በተከራየሁት ትሬለር ስንጭናት አማቴ ብርድ ልብስ አለበሷት። «አንዳንዴ መጥቼ ባያት ቅር ይልሃል?» አሉኝ። እኔ ሳልመልስ ጋሼ «መልስ አለ እኮ» ብለው ቀን ቆረጡ።

ምላጩን ቀየርኩና ቀይ ባሕር ዛፍ ቆረጥኩባት። ልጅ ሆኜ ባሕር ዛፍ የኛ አገር ዛፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የትውልድ አገሩ እዚህ ነው። መጋዟ ያቺን ያሰቃየችኝን ጎባጣ ሳታጉረመርም አወጣቻት። ብቻዬን ጋራዥ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

መልስ በሙሽራዋ ቤት ነው የሚደረገው። መጋዟን እንደገና ማሪቢርኖንግ ድረስ ከመጎተት ግን አባትየው ቢመጡ ይሻላል ብለው ጋሼ ፈቀዱ። አማቴ ክራቫት አስረው መጡ። ባለቤቴ ያቀረበችውን በልተን ሁላችንም ወደ ጋራዡ ወረድን። ጋሼ አዲሱን መቋሚያ ተቀብለው ብብታቸው ስር ከተቱና ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት። ከፊታቸው የነበረ ሁሉ ገለል አለ። መቋሚያው ጭጭ አለ። ወደ ግራ ዞሩ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ከዚያ «እጅህ ይባረክ» ብለው በስሜ ጠሩኝ። በስሜ ከተጠራሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፈርኩበትም።

«እስኪ አስነሳት» አሉ አማቴ። አስነሳኋት። ድምጿ ከመሰማቱ አማቴ ዞረው ወጡ። ያስቀየምኳቸው መሰለኝ። ልጄ ተከትላቸው ሄዳ ተመለሰችና ጆሮዬ ላይ «ሚስታቸው ስትሠራ እንዳትደነግጥባቸው አይገቡም ነበር» አለችኝ። «ሻይ ይዘው መጋዟ እስክትቆም በር ላይ ይጠብቋት ነበር።»

በተከፈተው በር አየኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ወጣች፤ አንዱን ኩባያ ሰጠቻቸው፣ ሌላውን ይዛ አጠገባቸው ቆመች።

እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። ባጠፋት ዞር ብለው ሊያዩ ነው፤ የሚያዩት ደግሞ እኔን ነው። ከወለሉ ቁራጭ እንጨት አነሳሁና መቁረጥ ጀመርኩ። ሲያልቅብኝ ጋሼ ሌላ አቀበሉኝ።