ክልክሉን የሚያጣራው ሰውዬ

አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ከሆነች ገና ዓመቷ ነው። የከተማዋ የሙያ ማሠልጠኛ ወንበር ሳያሟላ ክልከላ አሟልቷል፤ ለዚህም የሚመሰገነው ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቀው ሰውዬ ነው።

ዓይነ ስውሩ ኢዘዲን ሰውዬውን የሚያውቀው ወገቡ ላይ በሚንቃጨለው የቁልፍ ዘለላና ገጽ ሊገልጥ ጣቱን ሲልስ በሚያሰማው ድምፅ ነው። ከመንጌ ወረዳ የመጣው ሬዲዮ ጥገና ሊማር ነበር። መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰው እያስነበብኩ በካሴት ልቅዳው ቢል፣ ሰውዬው ሕግ አክባሪ ሆነበት።

«አይቀዳም! መጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል።»

«እኔ አላየሁም፣ ጋሼ። እስቲ ያንብቡልኝ።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ ክልከላውን እንደ አዋጅ አነበበለት።

«ሁለተኛው ገጽ ላይስ ክልክል ነው?»

ሳያጣሩ መመለስ ከኃላፊነት መሸሽ ነውና እሱንም አነበበ። ሦስተኛውንም አጣራ። በሳምንቱ ክልከላ ፍለጋ ስለ ትራንዚስተር የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረሱ። ከበድ ያለ ቃል ሲገጥመው ሁለቴ ይደግመዋል፤ ተማሪ ጽፎ እስኪጨርስ እንደሚጠብቅ መምህር ትንፋሽ ይወስዳል። የት እንዳስተማረና ስለ ምን ቁልፍ ጠባቂ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ ቁልፎቹን ማንቃጨል ብቻ ነው።

አንድ ቀን ኢዘዲን ጭኑ ላይ ካስቀመጠው ቦርሳ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ደብቆ የሚቀዳበት ቴፕ ነው፤ የካሴቱ አንድ ጎን አልቆ። ኢዘዲን ቦርሳውን በክንዱ ሸፈነ።

«ምን ትጠብቃለህ? ገልብጠው እንጂ!» አለ ሰውዬው ጣቱን እየላሰ። «ክልክል መሆኑን ገና አጣርተን አልጨረስንም።»